የሳይክሏን ስም የነቀልነው እኛ ነን

ዛሬ ስለ ምርጫም፣ ስለ ዶላርም፣ ስለ አርሴናልም አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ አሮጌ የሳይክል ማስታወቂያ ነው። "እነዚህ ልጆች ሥራ ፈቱ እንዴ?" የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየምም። ከመካከላችን ሁለታችን በእርግጥም ሥራ ፈት ነን። ግን እስከ መጨረሻው ታገሱን። ይህ ጽሑፍ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ወሬ ተነስቶ ወደ ኑዛዜ የሚሄድ ነው፤ ኑዛዜ ደግሞ ሰሚ ይፈልጋል።

(የምንጠቅሳቸው ዓመታት "በኛ አቆጣጠር" ካላልን በቀር የፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በማኪያቶ ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ ማመልከቻ ይዘን ከቢሮ ቢሮ ስንዞር፣ እግራችን ሲዝል የምናርፍበት አንድ ካፌ አለ። ግድግዳው ላይ ቀይ ረጅም ጸጉሯን የበተነች አንዲት እርቃኗን ያለች ሴት፣ ፔዳሉ ክንፍ ያወጣ ሳይክል ይዛ በከዋክብት መሃል ስትበር የሚያሳይ ትልቅ ስዕል ተሰቅሏል። ለወራት ከስሯ ተቀምጠን ስንጠጣ አንድም ቀን "ይቺ ማን ናት?" ብለን አልጠየቅንም። ጋዜጠኛ ነን ባዮች! በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ አስተናጋጁን ጠየቀችው። "ከመርካቶ የተገዛች ናት፣ የፊልም መሰለችኝ" አላት።

የፊልም አይደለችም። ግላዲያተር ለሚባል የፈረንሳይ የሳይክል ፋብሪካ በ1890ዎቹ የተሠራች ማስታወቂያ ናት። ፋብሪካውን በ1891 ፓሪስ ጥግ ያቋቋሙት አሌክሳንደር ዳራክና ኦኮክ ናቸው፤ ዳራክ ኋላ በመኪና ሥራም ስሙን ተክሏል። ፋብሪካው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ልጅቷ ግን ይኸው አዲስ አበባ ድረስ በርራ መጥታ ማኪያቶአችንን ታጅባለች። እኛን የያዘን ይሄ ነው። ዕቃው ሞቶ ማስታወቂያው እንዴት ይኖራል?

እናላችሁ፣ ማንበብ ጀመርን። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ "ሮቨር" ብሎ የሰየማትን ሳይክል አወጣ። ከእሷ በፊት የነበረው ሳይክል የፊት ጎማው ከሰው ደረት በላይ የሚደርስ፣ የወደቀበትን የሚሰብር ጉድ ነበር። ሮቨር ግን ሁለት ተመጣጣኝ ጎማ ያላት፣ የኋላ እግሯን በካቴና የምታዞር፣ ዛሬ የምናውቃት ሳይክል እናት ናት። በ1888 ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ በአየር የሚነፋውን ጎማ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! በ1890ዎቹ አጋማሽ አውሮፓና አሜሪካ በሳይክል አበዱ፤ ፋብሪካው እንደ እንጉዳይ ፈላ። ሳይክሎቹ ግን እርስ በርስ መንታ ይመስሉ ነበር። ታዲያ ገዢው አንዱን ከሌላው በምን ይለየው? በማስታወቂያ ነዋ!

ፓሪስ ለዚህ የተመቸች ከተማ ነበረች። የሐምሌ 1881 የፈረንሳይ የፕሬስ ሕግ ጋዜጣን ብቻ ሳይሆን ግድግዳንም ነጻ አውጥቷል፤ ከተከለከሉ ቦታዎች በቀር ማንም ፖስተሩን መለጠፍ ቻለ። ዡል ሸሬ የተባለው ሰዓሊ ደግሞ ሊቶግራፍ የሚባለውን የድንጋይ ላይ ህትመት በደማቅ ቀለም አሳምሮት ነበር። የሳይክል ፋብሪካ ገንዘብ፣ ነጻ ግድግዳና ጥሩ ቀለም ተገናኙ። የተገኘው ውጤት እስከ ዛሬ በየካፌው አለ።

አንድ ታሪክ ብቻ እንንገራችሁ፤ እኛን ያሳቀንና ያስተከዘን እሱ ነው። አባቶቻችን አድዋ ላይ በዘመቱበት በዚያው በ1896፣ አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ የሚባለው ዝነኛ ሰዓሊ ፓሪስ ላይ የካቴና ማስታወቂያ ይስል ነበር። አዎ፣ የካቴና! ሲምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ "የኔ ካቴና ለጋላቢው ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል" ብሎ ተነስቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ለንደን ካትፎርድ በሚባል የውድድር ሜዳ፣ የእሱን ካቴና ያሰሩ ጋላቢዎች ሌሎቹን እንደሚረቱ አንድ ለአስር አስይዞ አወዳደረ። የእሱ ጋላቢዎች ከሦስቱ ውድድር ሁለቱን ወሰዱ፤ ከካቴናው ይልቅ ግን ጋላቢዎቹና ከፊት ሆነው ንፋስ የሚከልሉላቸው አጃቢዎች የተሻሉ ነበሩ። ሎትሬክ መጀመሪያ የዌልሱን ጋላቢ ጂሚ ማይክልን ስሎ ቢያቀርብ፣ አሠሪዎቹ የካቴናና የፔዳሉ ነገር በትክክል አልተሳለም ብለው መለሱበት። እሱም በራሱ ወጪ ጥቂት ቅጂ አሳትሞ፣ ለአሠሪዎቹ ኮንስታን ዩሬ የሚባለውን ጋላቢ የያዘ ሌላ ስዕል ሠራላቸው። ካቴናው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ጠፋ። ጉልበት አይሰጥማ! ተቀባይነት ያገኘውም ያላገኘውም ስዕል ግን ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ነው። ውሸታሙ ዕቃ ሞቶ እውነተኛው ስዕል ቀረ።

ለሴት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። የዚያን ዘመን የሳይክል ፖስተሮች ሴትን በሁለት መልክ ነው የሚያሳዩት። በአንዱ እንደ ግላዲያተሯ ልጅ እርቃኗን ትበራለች፤ ይቺ የወንድ ኪስ መክፈቻ ናት። በሌላው ደግሞ ሱሪ መሰል ሰፊ ልብስ ለብሳ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ወደምትሄድበት ታያለች። ይቺኛዋ ገዢ ናት። አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሱዛን ቢ አንቶኒ በ1896 ለጋዜጣ በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ ሴትን ነጻ በማውጣት ሳይክልን የሚያህል ነገር እንደሌለ መናገሯ የታወቀ ነው። ካፌ ባለቤቶች ሆይ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን ብቻ ለምን ትሰቅላላችሁ?

*

ማንበብ ለሰብሳቢነት ሱስ በር ከፋች ነው። ብዙም ሳይቆይ "አንድ እውነተኛ ነገር እጃችን ቢገባስ?" ማለት ጀመርን። የፓሪሶቹ ዋና ቅጂ በኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም። ቢሆንም እውነተኛውን ከቅጂው መለየት ተማርን፤ ትምህርቱ ነጻ ስለሆነ ለናንተም እናካፍል።

ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። በማሽን የተባዛው የዘመናችን ህትመት በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል። የድንጋዩ ህትመት ግን በጠመኔ እንደተሳለ የተዘበራረቀ ነው፤ ቀለሙም ወጥ ሆኖ ይተኛል። ፈረንሳይ ውስጥ አደባባይ ላይ ለሚለጠፍ ፖስተር ግብር ይከፈል ስለነበር፣ አንዳንዱ ላይ የቀረጥ ቴምብር ይገኛል። የብረት ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን አሂዱበት። እውነተኛው ኢናሜል በእሳት ብረት ላይ የቀለጠ መስተዋት ነው፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሲደረብ እርከኑ በጣት ይታወቃል፣ ሲፈነከትም እንደ ሸክላ ሳህን ነው። ማግኔት ካልያዘው ከስሩ ያለው ብረት አይደለም ማለት ነው። ዝገቱ የሚጀምረውም ሚስማሩ ከገባበት ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ንጹህ ሆኖ መሃሉ ብቻ በውበት የዛገ ሰሌዳ ካያችሁ፣ ዝገቱን የሠራው ጊዜ ሳይሆን ነጋዴ ነው።

ታዲያ እኛ ከተማ ምን ይገኛል? ሳይክል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሯት። የሳይክል ማስታወቂያ ግን እንደ ፓሪስ በግድግዳ ላይ አላገኘንም። ያገኘነው ግንባር ላይ ነው፤ የሳይክሏ ግንባር ላይ።

ከመሪው ዝቅ ብሎ፣ ሹካው የሚገባበት አጭር ቱቦ ላይ፣ እንደ እጅ መዳፍ ጎበጥ ያለች ትንሽ ብረት አለች። በሁለት ሪቬት ወይም በሁለት ብሎን ትያዛለች። ባለሳይክሎቹ "ማርካ" ይሏታል። ራሌይ፣ የኖቲንግሃሙ፣ የረጅም አንገት ወፍ ራስ አለው። የሚላኖው ቢያንኪ ዘውድ የደፋ ንስር ነው። የሻንጋዩ ፊኒክስ ስሙን የያዘችውን ወፍ ይዟል። ስታስቡት በዓለም ላይ ከዚህ የረቀቀ ማስታወቂያ የለም። ፖስተር ለመለጠፍ ፋብሪካው ይከፍላል። ማርካዋን ግን ገዢው ራሱ ከፍሎባት፣ ዕድሜ ልኩን በላብ እየገፋ ከተማውን ያዞራታል። ዝናብ አያጥባትም፣ ሌላ ፖስተር አይለጠፍባትም። ሳይክሏ እስካለች ድረስ አለች።

እዚህ ላይ ነው ጥፋታችን የሚጀምረው።

ሁለት ቅዳሜ ምናለሽ ተራን ዞርን። የቆራሌው ኬሻ የሚራገፍበትን ቦታ ሁሉ አየን። ያገኘነው አንድ የተሰበረ ፋኖስና ብዙ አቧራ ነበር። ሲሰለቸን ብልጥ የሆንን መሰለን። ብረት ለሚሰበስቡት ልጆች የማርካ ፎቶ አሳየንና፣ "ይቺን የመሰለች ካገኛችሁ ለአንዷ 500 ብር እንከፍላለን" ብለን ስልካችንን ሰጥተን ተመለስን። ያን ቀን ኮርተን ነበር። "ገበያውን እኛ ጋ አመጣነው" ተባባልን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። የ16 ዓመት የሚሆን ልጅ፣ በፌስታል ዘጠኝ ማርካ ይዞ መጣ። ዘጠኝ! እልል ማለት ነው የቀረን። 4,500 ብር አዋጥተን ከፈልነው፤ በዚያ ወር የሁለታችን የታክሲ ገንዘብ እዚያ ነው ያለቀው። ማታ ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። አጉሊ መነጽራችንን አወጣን፣ "ሊቃውንት" ሆነናላ!

መነጽሩ ያሳየን ግን ሌላ ነገር ነው። አራቱ ማርካዎች ቀዳዳቸው ዝጎ ጠቁሯል። አምስቱ ግን በጠርዛቸው ላይ ትኩስ ጭረት አለባቸው፤ የካቻቢቴ ጫፍ የገባበት ቦታ ነሐሱ እንደ ወርቅ ያበራል። አንዷ መሃሏ ተሰንጥቋል። አንዷ ከሳይክሏ የተላጠ አረንጓዴ ቀለም ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሌላዋ ላይ ተጎርዶ የወጣ ሪቬት እንደ ጥርስ ተንጠልጥሏል። ማናችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም።

በነጋታው ልጁን ጠራነው። አልዋሸም፤ ለምን ይዋሻል? አራቱን ከተጣለ ብረት ነው ያገኘው። አምስቱን ከቆሙ ሳይክሎች ነቅሏል። "ሳይክሉን እኮ አልወሰድኩም" አለን። "እናንተ የፈለጋችሁት ይቺን ነው። ለሳይክሉ ምንም አይሠራም።" እውነቱን ነው፤ ማርካ ብትነቀል ፍሬን ይይዛል፣ ጎማ ይዞራል። ልጁ ዕቃውን በጥቅሙ መዘነ፤ ዋጋ የሰጠነው እኛ ነን። ከአምስቱ የሦስቱን ቦታ አስታወሰ።

አንዱ ቦታ ስንደርስ ሳይክሏ የለችም፣ የሚያውቅም የለም። ሁለተኛው ቦታ ባለቤቱ ሳይክሉን ሸጦታል። ሦስተኛው ሳሪስ አካባቢ የአንድ መጋዘን በር ነው። ጥበቃው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። አረንጓዴዋ ራሌይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ግንባሯ ላይ የማርካዋን ቅርጽ የያዘ ያልደበዘዘ አረንጓዴ ቀርቷል። ሁለት ቀዳዳ እንደ ዓይን ያየናል።

"አባባ፣ ይቺ የርስዎ ናት?" ብለን ማርካዋን አወጣን።

ትንሽ አዩአት። "ወፌ!" አሉ። ቀጥለውም "ሌባው ሳይክሏን ትቶ ወፏን ብቻ ነቅሎ ሲሄድ፣ ይህስ ሌባ አይደለም፣ የታመመ ሰው ነው ብዬ ነበር" አሉን።

"የታመምነው እኛ ነን አባባ" ብለን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ይቆጡናል ብለን ነበር። እሳቸው ግን የገባቸው መስሎ አልታየንም፤ ይቺን ብረት በ500 ብር የሚገዛ ሰው መኖሩን ማመን አቃታቸው። ከ30 ዓመት በላይ ነድተዋታል። የፈረንጅ ጽሑፉን አንብበውት አያውቁም፤ ራሌይ መሆኗን የሰሙት ከኛ ነው። ለሳቸው "ወፏ" ናት። ገበያ ሄደው ሳይክል ጠባቂ ዘንድ ሲያስቀምጧት "ወፍ ያለባት" ብለው ነው የሚያስረክቡት፣ "ወፍ ያለባትን" ብለው ነው የሚረከቡት። ወፏ ከተነቀለች ወዲህ ጠባቂው ሁለት ጊዜ ተሳስቶባቸው ሌላ አረንጓዴ ሳይክል ሊሰጣቸው ነበር።

ይህን ስንሰማ ነው ምን እንደነቀልን የገባን። ለኛ የ1890ዎቹ እብደት ቅሪት፣ የንግድ ታሪክ፣ የግራፊክ ጥበብ ነበረች። ለሳቸው የሳይክሏ ስም ናት። ፋብሪካው ለራሱ ጥቅም ያሰራት ማስታወቂያ፣ 30 ዓመት ሲሠራባት የአንድ ሰው ንብረት መታወቂያ ሆናለች። ከሳይክሏ ስትለይ ሁለቱም ትርጉሟ ጠፋ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የቀረችው የተጣመመች ብረት ናት።

ሳይክል ጠጋኙ ዘንድ ወስደናት መለሰልን። ሪቬቱ ስለተጎረደ በሁለት ቀጭን ብሎን ነው የታሰረችው። ካቻቢቴው አጣሟት ስለነበር ቱቦው ላይ እንደ ድሮዋ አልተኛችም፤ በአንድ ጎኗ ተነስታለች፣ ዝናብ ይገባባታል። ሊካሱ የሚገባውን ገንዘብ ብንሰጣቸው "ለታክሲያችሁ ይሁን" ብለው መለሱልን። ከዚያ የበለጠ ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

*

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ፤ ይህ የአስተያየት ዓምድ ነውና። ከመካከላችን አንዱ እስካሁን አልተስማማም፤ ሐሳቡንም በሙሉ እናስቀምጥለት። "ካልገዛነው ይቀልጣል" ይላል። "ያ ቆራሌው ኬሻ ውስጥ የገባ ሁሉ መጨረሻው እሳት ነው። በ2016 በኛ አቆጣጠር የፒያሳ ሱቆች ሲፈርሱ ስንት የድሮ ሰሌዳ ብረት በሚዛን ተሸጠ? ሰብሳቢ ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር። ደግሞስ የፓሪሶቹ ፖስተሮች እንዴት የተረፉ መሰላችሁ?"

በዚህ በመጨረሻው ላይ እውነት አለው። በ1890ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የፖስተር ሰብሳቢነት የራሱ ስም እስኪወጣለት ድረስ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። ሰዎች ማታ ማታ ሙጫው ሳይደርቅ ከግድግዳ ይልጡ ነበር፤ ለጣፊውን በጉቦ የሚይዙም ነበሩ። ነገሩ ስለበዛ ከ1895 እስከ 1900 "የፖስተር ሊቃውንት" የሚል ትርጉም ባለው ስም፣ የተመረጡ ፖስተሮች በትንሹ እየታተሙ በየወሩ ለደንበኞች ይቀርቡ ጀመር፤ በጠቅላላው 256 ናቸው። እነዚያ "ሌቦች" ባይኖሩ ዛሬ ሙዚየሞቹ ብዙ ባዶ ግድግዳ ይኖራቸው ነበር።

ግን ልዩነቱን እንይ። የፓሪስ ፖስተር ግድግዳ ላይ ዕድሜው አጭር ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይለጠፍበታል፣ ወይ ዝናብ ያወርደዋል። የሚልጠው ሰው ሊሞት ያለውን ነው ያነሳው። የአባባ ማርካ ግን ልትሞት አልነበረም። ሥራ ላይ ነበረች። ግንባሯ ላይ 30 ዓመት የቆየች ሌላ 30 ዓመት ልትቆይ ትችል ነበር። ያጣመማት እሳት አይደለም፣ የኛ 500 ብር ነው።

ስለዚህ የኛ አቋም ይህ ነው፦ ሰብሳቢ ያዳነውን ብቻ ሳይሆን ዋጋ በመስጠቱ ያስነቀለውንም ይቁጠር። "እኔ ገዢ ነኝ፣ ነቃዩ ሌላ ነው" ማለት አይሠራም። አስቀድሞ "ይህን አምጡ፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ" ያለ ሰው የካቻቢቴውን እጀታ ይዟል። ይህ የሚሠራው ለሳይክል ማርካ ብቻ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚጠፋው የብራና መጽሐፍ፣ ከመሃሉ ስለሚቀደደው ስዕል ስናወራ ጣታችንን ወደ ፈረንጅ ሰብሳቢ እንቀስራለን። እኛም በትንሿ አቅማችን፣ በታክሲ ገንዘባችን፣ ያንኑ ሠርተን አየነው። በጣም ቀላል ነው። ክፉ መሆን እንኳ አይጠይቅም፤ ጉጉት ይበቃል።

መሰብሰቡን ግን አልተውንም። ይልቅ ለራሳችን ሕግ አወጣን።

አንደኛ፣ በሕይወት ካለች ሳይክል ላይ ማርካ አንገዛም፤ ባለቤቱ ነቅሎ ቢሰጠንም አንቀበልም። ፎቶ አንስተን፣ ሳይክሏን ከየት እንዳገኟት፣ ማን እንደነዳት፣ ምን ብለው እንደሚጠሯት ጠይቀን እንጽፋለን። "ወፏ" የሚለው ስም የትኛውም የፋብሪካ ካታሎግ ውስጥ አይገኝም፤ እኛ ደብተር ውስጥ ግን አለ።

ሁለተኛ፣ ለማንም አስቀድመን ዋጋ አንተውም። ቆራሌው ዘንድ ሄደን፣ ከሞተ ብረት ጋር ያገኘነውን፣ ቀዳዳውን በመነጽር አይተን፣ ያኔ እንከራከራለን።

ሦስተኛ፣ የገዛነውን አንወለውልም። የነሐስ ማጽጃ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን በፊደሉ መሃል የቀረችውን ቀለም ይዞ ይሄዳል። ወረቀት ከሆነም ፕላስተር አይነካውም፣ ላሚኔት አይደረግም። ፕላስተር ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል፤ ላሚኔት ደግሞ መመለሻ የለውም።

አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ወረቀት ይታሰራል፦ የት፣ መቼ፣ ከማን። የቀሩት ስምንት ማርካዎች እያንዳንዳቸው በፖስታ ተቀምጠዋል። የአራቱ ፖስታ ላይ "ከቆመ ሳይክል የተነቀለ፣ ባለቤቱ ያልተገኘ" ብለን ጽፈናል። ይህን መጻፍ ደስ አይልም። ግን ሌላ ሰብሳቢ ነገ ቢያያቸው እውነቱን ይወቅ።

የማይስማማው ጓደኛችን አሁንም "ሕጋችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ቆራሌው ሕጋችሁን አያነብም" ይላል። ልክ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ አብሮን ይመጣል፤ ክርክሩ እዚያ ይቀጥላል።

እናንተም ብትሆኑ፣ የአያታችሁ ሳይክል ጓሮ ቆማ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱና ግንባሯን እዩ። በእርጥብ ጨርቅ አቧራዋን ብቻ ጥረጉላት። ፎቶ አንሷት። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ምን ብለው እንደሚጠሯት ጠይቁልን። ካቻቢቴውን ግን እዚያው መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ተዉት።

ባለፈው ሳምንት በሳሪስ ስናልፍ አባባ በር ላይ አልነበሩም፤ ሳይክሏም የለችም። ደነገጥን። ጎረቤት ያለው ባለሱቅ "ገበያ ሄደዋል፣ በወፏ" አለን።

ቸር እንሰንብት።